ፒዲኤፍ ጄኤስ፦ ትልልቅ የአማርኛ ፋይሎች ቶሎ አይከፈቱም፣ ፍለጋውም ምንም አያገኝም

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የቆዩ የአማርኛ መጽሔቶችን በድረ ገጽ ለማስነበብ ፒዲኤፍ ጄኤስን (ፒዲኤፍን በብራውዘር ውስጥ የሚያሳይ የጃቫስክሪፕት መሣሪያ) አብሮት ከሚመጣው ማንበቢያ ጋር እየተጠቀምኩ ነው። ቅጂው 4.0፣ የሰርቨሩ ሶፍትዌር ኤንጂንክስ ነው። ፋይሎቹ ከ40 እስከ 90 ሜጋባይት ይሆናሉ፤ ከፊሎቹ ስካን፣ ከፊሎቹ በፓወር ግዕዝ (የቆየ የአማርኛ መተየቢያ) ተተይበው ወደ ፒዲኤፍ የተቀየሩ ናቸው። ፋይሉ ወርዶ ካላለቀ የመጀመሪያው ገጽ አይታይም። የፓወር ግዕዞቹ ሲነበቡ ደህና ናቸው፤ ጽሑፉን ኮፒ ሳደርግ ግን የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይወጣል፣ ፍለጋም ዜሮ ነው። መፍትሔው ከፒዲኤፍ ጄኤስ ነው ወይስ ከፋይሎቹ?

መልስ 1
የመጀመሪያው ችግር የሰርቨር ነው። ፒዲኤፍ ጄኤስ ፋይሉን በ65,536 ባይት ቁራጭ እየጠየቀ ማምጣት ይችላል፤ ሰርቨሩ ከፈቀደለት። በመጀመሪያው ምላሽ ሄደሮች (ሰርቨሩ ከፋይሉ ጋር የሚልካቸው መግለጫዎች) ላይ አክሴፕት-ሬንጅስ «ባይትስ» ማለቱን፣ ኮንቴንት-ሌንግዝ መኖሩን፣ ኮንቴንት-ኢንኮዲንግ ደግሞ አለመኖሩን ያያል። ሰው የሚሰናከለው በመጨረሻው ነው። ጂዚፕ (ሰርቨሩ የሚልከውን የሚያምቅበት ዘዴ) ለፒዲኤፍም በርቶ ከሆነ ያ ሄደር ይመጣና በቁራጭ ማምጣቱ ይቀራል። ፒዲኤፍ ውስጡ ቀድሞ የታመቀ ስለሆነ ጂዚፕ የሚቀንሰው ኢምንት ነው፤ ከዝርዝሩ አውጣው።

ፋይሉን የሚያቀብለው የፒኤችፒ ስክሪፕት ከሆነም ያው ነው፤ ሪድፋይል የተባለው የፒኤችፒ ትእዛዝ የሬንጅ ጥያቄ (የፋይሉን ከፊል ብቻ የሚጠይቅ) አያውቅም። ስክሪፕቱ ፈቃድ ብቻ ያጣራ፣ ፋይሉን ማስረከቡን በኤክስ-አክሴል-ሪዳይሬክት ሄደር ለኤንጂንክስ ተውለት። ፋይሎቹ በሌላ ዶሜይን ካሉ ኮርስን (ከሌላ ዶሜይን ማንበብ የሚፈቅደውን ቅንብር) መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ እንደ አክሴፕት-ሬንጅስ ያሉት ሄደሮች በአክሴስ-ኮንትሮል-ኤክስፖዝ-ሄደርስ ካልተዘረዘሩ ጃቫስክሪፕቱ አያያቸውም። ስትጨርስ በከርል (ከተርሚናል ጥያቄ የሚልክ መሣሪያ) የሬንጅ ጥያቄ ላክ፦ 206 (ከፊል ፋይል) ከመጣ ሆኗል፣ 200 (ሙሉ ፋይል) ከመጣ ገና ነው።

ከዚያ ፋይሎቹን ኪውፒዲኤፍ በተባለው መሣሪያ «ሊኒየራይዝ» አድርጋቸው። ለመጀመሪያው ገጽ የሚያስፈልገው ሁሉ ወደ ፋይሉ መጀመሪያ ይመጣል፣ ጥቂት ቁራጮች እንደደረሱ ገጹ ይሳላል።

አንባቢዎችህ በሞባይል ዳታ የሚያነቡ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ፒዲኤፍ ጄኤስ አንደኛው ገጽ ከታየ በኋላም የቀረውን ከበስተኋላ ማውረዱን ይቀጥላል። ይህን ለማስቆም ዲሴብል-አውቶፌች እና ዲሴብል-ስትሪም የሚባሉት የፒዲኤፍ ጄኤስ ቅንብሮች ሁለቱም እውነት (ትሩ) መሆን አለባቸው፤ የመጀመሪያው ብቻውን ምንም አይሠራም።

መልስ 2
ሁለተኛው የፋይሎቹ ነው፤ ፒዲኤፍ ጄኤስን ብትቀይረውም አይድንም። ፓወር ግዕዝና የዚያ ዘመን ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ነው ያስቀመጡት። ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ስለተካተተ ካንቫሱ (ገጹ የሚሳልበት ሰሌዳ) ላይ ቅርጹ በትክክል ይሳላል። በላዩ የሚዘረጋው የማይታየው የጽሑፍ ሽፋን ግን የሚወስደው ቅርጹን ሳይሆን ቁጥሩን ነው፤ ኮፒም ፍለጋም የሚሠሩት ከሽፋኑ ነው። ለማረጋገጥ አንዱን ፋይል በፒዲኤፍ-ቱ-ቴክስት (ጽሑፉን ከፒዲኤፍ የሚያወጣ መሣሪያ) አሳልፈው፤ ያው ዝብርቅርቅ ይወጣል።

የመጀመሪያው የወርድ ፋይል ካለ ወደ ዩኒኮድ (እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱ ቁጥር ወዳለበት) ቀይሮ ፒዲኤፉን እንደገና ማውጣት ከሁሉም ይሻላል። ከሌለ ኦሲአር (ጽሑፍን ከምስል ማንበብ) ነው፦ ኦሲአር-ማይ-ፒዲኤፍ የተባለው መሣሪያ ከቴሰራክት (ፊደሉን የሚለየው ሶፍትዌር) የአማርኛ ዳታ ጋር። ለስካኖቹ በተለመደው መንገድ ይሄዳል። የፓወር ግዕዞቹ ላይ ግን «ጽሑፍ አለው» ብሎ ይቆማል፤ «ፎርስ-ኦሲአር» ማለት ይኖርብሃል፣ ያ ደግሞ ገጹን ወደ ምስል ስለሚለውጠው ፋይሉ ሊያብጥ ይችላል። ከ300 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) በታች በተነሡ ስካኖች ላይ ብዙ አትጠብቅ፤ እንደ ሉ እና ሊ በትንሽ ቅጥል ብቻ የሚለያዩት ይምታታሉ።

ጽሑፉ ዩኒኮድ ሆኖም ፍለጋው ያስቸግራል። ፒዲኤፍ ጄኤስ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ አያደርግም፤ «ሃይል» ብሎ የፈለገ «ኃይል»ን አያገኝም። በሁለት ነጥብ በተለያዩ ቃላት የታተመ ጽሑፍ ላይም በባዶ ቦታ የተጻፈ ሐረግ አይገጥምም።

መልስ 3
ያልጠየቅከውን ልናገር፦ 4.0 ላይ አትቆይ። በ2024 የተገለጸው ሲቪኢ-2024-4367 (የተመዘገበ የደኅንነት ቀዳዳ) ክፉ ሰው ያዘጋጀው ፒዲኤፍ ሲከፈት በገጽህ ስም ጃቫስክሪፕት እንዲያሄድ ያስችላል፤ ቀዳዳው በፎንት አሳሳሉ ውስጥ ነበር። የተደፈነው በ4.2.67 ነው። ማሳደግ ለጊዜው ካልተቻለ ኢዝ-ኢቫል-ሰፖርትድ የተባለውን ቅንብር ሐሰት (ፎልስ) አድርገው። ፋይል የሚጭኑት ሌሎች ሰዎች ከሆኑ ይህ ዛሬውኑ መሠራት አለበት።

ስታሳድግ ዋናውን ፋይልና የዎርከሩን (ፒዲኤፉን ከበስተኋላ የሚተነትነውን) ፋይል ከአንድ ቅጂ ውሰድ፤ ቁጥራቸው ከተለያየ ሰነዱ አይከፈትም። ከ4 ጀምሮ የፋይሎቹ ቅጥያ ኤምጄኤስ ስለሆነ ኤንጂንክሱ ዓይነቱን ላያውቀው ይችላል። ማይም-ታይፕስ (የኤንጂንክስ የፋይል ዓይነቶች ዝርዝር) ውስጥ ቴክስት-ጃቫስክሪፕት ብለህ አስገባው፤ አለዚያ ብራውዘሩ ሞጁሉን አልቀበልም ይላል፣ ገጹም ባዶ ይሆናል። የፋይሎችህ ስም በአማርኛ ከሆነ ደግሞ ለማንበቢያው ከማቀበልህ በፊት ኢንኮድ-ዩአርአይ-ኮምፖነንት በተባለው የጃቫስክሪፕት ፈንክሽን አሳልፈው።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ፣ ጥፋቱ ጂዚፕ ነበር፤ አሁን 206 እየመጣ ነው፣ ቅጂውንም አሳድጌያለሁ። ሁለቱንም ቅንብሮች እውነት አድርጌ ግን አንባቢው አንድ ቃል ሲፈልግ 90ው ሜጋባይት መውረድ ይጀምራል። ለምን?

መልስ 2
ፍለጋው የእያንዳንዱን ገጽ ጽሑፍ ማውጣት አለበት፤ ለዚያ የገጾቹ ይዘት መምጣት ግድ ነው። ቅንብር አያስቀረውም። ፍለጋውን ወደ ሰርቨሩ አዛውረው፦ ፒዲኤፍ-ቱ-ቴክስት በየገጹ መጨረሻ የገጽ መለያ ቁምፊ ስለሚያስቀምጥ በዚያ ከፋፍለህ እያንዳንዱን ገጽ እንደ አንድ ረድፍ ኤስኪውላይት ዳታቤዝ ውስጥ አስገባ። ከማስገባትህ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው መልስ፣ ሁለት ነጥቡን በባዶ ቦታ ተካ፤ አንባቢው የሚጽፈውንም በዚያው ወንፊት አሳልፈው። ውጤቱ ላይ የሚጫነው ሊንክ የማንበቢያውን አድራሻ ይዞ መጨረሻው ላይ «#page=» እና የገጹን ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ ከፋይሉ መጀመሪያ የሚቆጠረው ነው፣ መጽሔቱ ግርጌ ላይ የታተመው አይደለም፤ ሽፋንና ማውጫ ያለው እትም ላይ ሁለቱ አይገጥሙም።