የአርበኞች ዘመን ፒያሳን በጠረጴዛ ላይ መሥራት፦ ፎም፣ ቆርቆሮና ቀለም ላይ እርዱኝ

በረንዳ
ሰላም ናችሁ? እኔና ሁለት ጓደኞቼ በሚኒየቸር፣ ማለትም በትንንሽ የወታደር ምስሎች፣ የጠረጴዛ ላይ ውጊያ እንጫወታለን። በየወገኑ ከስድስት እስከ አስር ወታደር ነው። ቁመታቸው 28 ሚሊሜትር፣ መቆሚያቸው ክብ፣ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር። ታሪካችን ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ የቆየበት ዘመን ነው፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.። ባንዱ ወገን የውስጥ አርበኞች፣ በሌላው የጣሊያን ጠባቂዎች።

እስካሁን መጽሐፍ ደርድረን፣ የክብሪት ቀፎ አቁመን ነው የተጫወትነው። አሁን ወግ ያለው ሰፈር አማረን። ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ዓይነት፦ የእንጨት በረንዳ ያለው ፎቅ ቤት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከኋላው ጭቃ ቤት፣ የባሕር ዛፍ አጥር። ሦስት ነገር ቸገረኝ።

ከቲቪ ካርቶን የሚወጣው ነጭ ፎም ሲቆረጥ ፍርፍር ይላል። ስፕሬይ ቀለም ይበላዋል ይሉኛል፤ እውነት ነው? ሦስተኛ፣ ካርቶን ላይ ኮላ ስቀባ ይጎብጣል። የምሠራው አራት ኪሎ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ከውጭ ዕቃ የሚልክልኝ ዘመድ የለኝም፣ እዚሁ የሚገኝ ነገር ንገሩኝ።

ከተር
ስፕሬዩ እውነት ነው። ያ ፎም ፖሊስታይሪን ይባላል፤ በስፕሬይ ውስጥ ያለው ማሟሟቻ ያቀልጠዋል። ቲነርና ማስቲሽም እንደዚያው። ሱፐር ግሉም አይታመንም። ለፎም ነጩን የእንጨት ኮላ ተጠቀም። ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፣ ስለዚህ ከባድ ነገር ጭነህበት ይደር።

መፍረፍሩ አብዛኛውን ጊዜ ከምላጩ ነው። የከተር ምላጭ ፎም ላይ ቶሎ ይዶለዱማል። ጫፉን ሰበር እያደረግህ አዲስ አውጣ፤ አትሰስት። ከዚያ ምላጩን ረዘም አድርገህ፣ ጋደም አድርገህ፣ ወደ ራስህ ብቻ ሳበው። በአንድ ጊዜ ልጨርስ ብለህ አትጫን፣ በሦስት በአራት ስበት ይለቅልሃል። ወደፊትና ወደኋላ ከገዘገዝከው ግን ክፍልህ በረዶ የጣለበት ይመስላል።

ፎሙንም ምረጥ። ፍሬው ትልልቅ የሆነውንና በጣት ሲጫኑት ስርጉድ የሚለውን ተወው። መድኃኒት በቅዝቃዜ የሚመጣባቸው ሳጥኖች ጠጠር ያሉ ናቸው፣ ካገኘህ አትለፋቸው። ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ብትል፣ ወይ ሰፈርህ የሚመጣውን ቆራሌው ብትጠይቀው ይሻላል። በጋለ ሽቦ የሚቆርጡም አሉ። ጥሩ ይቆርጣል፣ ግን ጭሱ ጤና አይደለም። በምትተኛበት ክፍል ውስጥ እንዳትሞክረው።

ቀለም፦ ኮላና ፕላስቲክ ቀለም እኩል በኩል ቀላቅል፤ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ይሁን። ሁለት እጅ ቀባው። ይህ ፎሙን ያጠነክረዋል፣ ይሸፍነዋልም። ከዚህ በኋላ በላዩ ስፕሬይ መንፋት ይቻላል ይላሉ። ነገር ግን የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ክፍት ቦታ ከቀረች በእሷ ገብቶ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። እኔ ስፕሬይን ፎም አጠገብ አላደርሰውም።

ሰኒ
አርክቴክቸር ስለተማርኩ ሞዴል መሥራት አያስፈራኝም። አንድም ነገር ከመቁረጥህ በፊት ልክህን አውጣ። 28 ሚሊሜትር ሰው ማለት በግምት አንድ ለ56 ነው፣ ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 56 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። 2.10 ሜትር የሆነ በር ለ56 ሲካፈል 37 ሚሊሜትር ተኩል ይመጣል። ሚኒየቸሩ የቆመበት ውፍረት ስላለ 40 አድርገው። የአንዱን ፎቅ ቁመት በትክክለኛው ልክ ከሠራኸው 54 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ እጅህ እንዲገባ 65 አድርሰው። ማንም አያስተውልም።

በረንዳው ላይ ግን ተጠንቀቅ። 1.20 ሜትር በረንዳ በልኩ 21 ሚሊሜትር ነው የሚሆነው። የወታደርህ መቆሚያ ደግሞ 25 ነው! ስለዚህ በረንዳውን 30 አድርግና ልኩን እርሳው። ደረጃም እንደዚሁ፤ በልኩ ከተሠራ ማንም አይቆምበትም። የበረንዳውን ርብራብ በስቴኪኒ ሥራው፣ ወፍራሞቹን ቋሚዎች በሽሽ ኬባብ እንጨት።

አሁን ቆርቆሮው፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። የሚሠራው በካርቶን ሁለት ፊት መሀል ካለው ሞገድ ወረቀት ነው። የትልቅ ካርቶን ሞገድ በጣም ሰፊ ነው፣ ከሰዎቹ ጋር አይሄድም። የፒዛ ወይም የትንንሽ ኤሌክትሮኒክስ ካርቶን ፈልግ፤ ሞገዱ ደቃቅ ነው። አንዱን ፊት በእርጥብ ስፖንጅ ነካ ነካ አድርገህ ትንሽ ተወው። ወረቀቱ በጥፍር ይላቀቃል፣ ሞገዱ ይቀራል። ሲደርቅ 15 በ36 ሚሊሜትር አድርገህ ቁረጠው፣ የአንድ ቆርቆሮ መጠን ነው። ጣሪያውን አንድ ወጥ አታድርገው። እንደ እውነተኛ ቆርቆሮ መቺ ከታች ጀምረህ ወደ ላይ እያደራረብህ ለጥፍ። አንዷን ቆርቆሮ ትንሽ አዛባት።

ቀለሙ፦ መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ። ሲደርቅ ብሩሽህን ግራጫ ነክረህ ጨርቅ ላይ ጥረገውና፣ ምንም የሌለበት እስኪመስል ድረስ፣ በሞገዱ ጫፍ ላይ ቀለል አድርገህ አሽሸው። ከዚያ የተቀደደ የስፖንጅ ቁራጭ ብርቱካናማ ቡናማ ነክረህ መደራረቢያው ላይና ምስማሩ መስመር ላይ ጠቅ ጠቅ አድርግ። ዝገት የሚጀምረው ውሃ የሚቆምበት ቦታ ነው። መሀል ሜዳው ላይ ከበተንከው ዝገት ሳይሆን በርበሬ ነው የሚመስለው።

ዳይሱ
ሰኒ ጎበዝ ነሽ፣ ግን ይቅርታ አድርጊልኝና ቤት ብቻ ካሳመራችሁ ጨዋታው ይሞታል። ወንድሜ፣ ፎም ከመግዛትህ በፊት ባዶ ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ ደርድር። ከዚያ ጎንበስ ብለህ ዓይንህን በሚኒየቸሩ ቁመት አድርግ። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ጥርት ብሎ የሚታይ መንገድ ካለ፣ ጠመንጃ የያዘው ወገን ገና በመጀመሪያው ዙር አሸንፏል። መሀሉ ላይ አጥር፣ ኩሽና፣ የእንጨት ክምር፣ የቆመ ጋሪ አስገባ።

የድሮ ሰፈር ቅያስ ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረ ነው፣ ጠማማና ጠባብ። ብቻ ከ5 ሴንቲሜትር አታጥብበው፣ ሁለት ሰው ይተላለፍበት፣ ጣትህም ይግባ። ጣሪያውን ደግሞ እንዳታጣብቀው፣ የሚነሳ ይሁን። ግማሹ ውጊያ ቤት ውስጥ ነው።

በረንዳ
እሺ፣ በጣም አመሰግናለሁ! ካርቶን ደርድሬ አየሁት፤ ዳይሱ እንዳለው ነው፣ መሀሉ ሜዳ ሆኗል። መሬቱንስ? መንገዱን ኮብልስቶን ላድርገው ብዬ ነበር፣ ፎሙ ላይ በእስክሪብቶ እየጫንኩ።

ሰኒ
ኮብልስቶኑን ተወው፣ የእኛ ዘመን ነገር ነው። አዲስ አበባ በየሰፈሩ ኮብልስቶን የነጠፈላት በቅርብ ነው። ለአንተ ዘመን የውስጥ መንገዱን አፈርና ጠጠር አድርገው፤ ዋናው መንገድ ላይ አስፋልት ብታደርግ ያስኬዳል።

ሚጢጢ
ለጠጠር ጤፍ! ኮላ ቀብተህ በትንበት። በልክ ሲታይ ቁጭ ጠጠር ነው።

ከተር
ጤፍ በዚህ ዋጋ? ያውም አይጥ ቢመጣበት ሰፈሩን በላችው። አሸዋ በወንፊት ንፋና ደቃቁን ተጠቀም። ለሣር ሰጋቱራ በአረንጓዴ ቀለም አሽተህ አድርቅ። የቡና አተላም ጥሩ አፈር ይሆናል፣ ግን ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ አለዚያ ይሻግታል።

የድሮ አናጢ
ልጄ፣ ጉብጠቱን ማንም አልመለሰልህም። ካርቶን አንድ ፊቱ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ይጎብጣል። ጀርባውንም በዚያው ኮላ ቀባውና ሚዛን ይጠብቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለመሬት ካርቶን አለመጠቀም ነው። የቤት ዕቃ የሚሠሩ ልጆች ጋ ሂድና የፋይዚት ወይም የ3 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ቁራጭ ጠይቅ። ለእነሱ ትርፍራፊ ነው፣ በሻይ ይሰጡሃል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አዝቅዝቀው፣ ጠረጴዛው ላይ እንደ ሳንቃ ገትሮ እንዳይታይ።

ጭቃ ቤቱን በፎም አታስመስል። ስቴኪኒ ጎን ለጎን አቁምና በክር እሰር፣ ማገሩ ነው። ጀሶ በኮላና በውሃ አላቁጠህ፣ ጭድ እንደ ዱቄት እስኪሆን በመቀስ ከትክተህ ጨምርበት። በጣትህ ለስን እንጂ በቢላ አታስተካክል። አንድ ጥግ ላይ ልስኑን ፈርፍረህ እንጨቱ ይታይ። ሲሰነጠቅ አትደንግጥ፣ እውነተኛውም ይሰነጠቃል።

በረንዳ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጭዱን ራሴ አላስበውም ነበር። የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ ክረምቱ ገብቷል፣ ቀለሙን የሚጠብቀውን ማት (የማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ ስፕሬይ አሁን ብነፋው ችግር አለው?

ከተር
አለው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ማት ስፕሬይ ነጭ ጉም ይጥልበታል፣ ጥቁር ቀለምህ ሁሉ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። በብሩሽ የሚቀባ፣ በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ካገኘህ እሱን ቀባ። ካጣህ ኮላውን በብዙ ውሃ አቅጥነህ አንድ እጅ ስጠው። ትንሽ ያብለጨልጫል፣ ግን ቀለሙን ይይዛል። ጀሶውንም አትቸኩልበት፣ በክረምት ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በጥፍርህ ነካ ስታደርገው ከቀዘቀዘህ ገና ነው፣ ቀለም አታስነካው።

ዳይሱ
ይህ እስኪደርቅ ድረስ ካርቶኖቹ ላይ አንድ ጨዋታ ተጫወቱ። የትኛው ቤት የቱ ጋ መቆም እንዳለበት ያኔ ይለያል። ፎቁን መጨረሻ ላይ ሥራው፤ መጀመሪያ አጥርና ኩሽና።