ለዳንቴ የድምፅ ሥርዓት ሁለተኛ ኔትወርክ ስለ መዘርጋት

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ
ጤና ይስጥልኝ። በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ በዳንቴ (ድምፅን በኔትወርክ ገመድ በሚያስተላልፈው ሥርዓት) የሚሠሩ አንድ ዲጂታል ሚክሰርና ሁለት ስቴጅ ቦክሶች (የመድረኩ ማይክሮፎኖች የሚሰኩባቸው ሳጥኖች) አሉን፤ ከመድረኩ እስከ ሚክሰሩ ያለው ገመድ 70 ሜትር ያህል ነው። ባለፈው እሑድ ገመዱ ተረግጦ በመላላቱ ድምፁ በስብከቱ መካከል ተቋረጠ፤ ይህም እጅግ አሳዘነኝ። ዳግመኛ እንዳይደርስብን ሁለተኛ ገመድ ዘርግቼ ፕራይመሪ (ዋና) እና ሰከንደሪ (ተጠባባቂ) የሚሉትን ፖርቶች በአንድ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን በሚያገናኝ መሣሪያ) ላይ ብሰካቸው፣ ኔትወርኩ በሙሉ ተጨናንቆ ድምፁ ጨርሶ ጠፋ። ስሕተቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ከሰበታ
ወንድሜ፣ መሣሪያዎችዎ በ"ስዊችድ" አሠራር ላይ ሳሉ የሰኳቸው ይመስለኛል። በዚህ አሠራር ሁለቱ ፖርቶች እንደ ትንሽ ስዊች ስለሚያገለግሉ፣ ሁለቱንም ወደ አንድ ስዊች ሲወስዷቸው መረጃው ማብቂያ በሌለው ቀለበት ውስጥ ይዞራል። የሰከንደሪውን ገመድ አስቀድመው ይንቀሉ፤ ከዚያ ዳንቴ ኮንትሮለር በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም እያንዳንዱን መሣሪያ ሁለቱን ፖርቶች ለሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች ወደሚያውለው "ሪደንዳንት" አሠራር ይለውጡና እንደገና እስኪነሣ ይጠብቁ። ሰከንደሪው ፈጽሞ ከፕራይመሪው ጋር የማይገናኝ የራሱ ስዊች ያስፈልገዋል። አድራሻ የሚያድል ሰርቨር ከሌለ፣ ፕራይመሪው በ169.254፣ ሰከንደሪው በ172.31 የሚጀምር አድራሻ ሲይዙ መለያየታቸውን ያረጋግጣሉ።

ሁለት ኔትወርክ የሚያስፈልገውም፣ መሣሪያው አንዱን ድምፅ በሁለቱም መንገድ በአንድ ጊዜ ስለሚልክና አንዱ ቢበጠስ ተቀባዩ ከሌላው ሳያቋርጥ ስለሚወስድ ነው። በአንድ ኔትወርክ ላይ በስፓኒንግ ትሪ (ስዊቾች ትርፉን መንገድ ዘግተው ቀለበትን የሚከላከሉበትና ዋናው ሲበጠስ የሚከፍቱበት ዘዴ) መተማመን ግን አያዋጣም፤ የቀድሞው ዓይነት ሌላውን መንገድ እስኪከፍት እስከ 50 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል፣ ለሰባኪ ደግሞ ይህ ረጅም ዝምታ ነው። በስዊቾቹም ላይ ኃይል ቆጣቢውን ኢተርኔት ያጥፉት፤ የዳንቴ መሣሪያዎቹን የሰዓት ማመሳሰል ያዛባል።

መልስ፦ ከቡራዩ
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ሆኖም በእኛ አካባቢ ከገመድ ይልቅ የሚያሰጋው መብራት ነው። ሁለቱ ስዊቾች በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰኩ፣ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣም አዳራሹ ዝም ይላል። ለየብቻቸው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ያድርጉላቸው፤ ሚክሰሩንና ስቴጅ ቦክሶቹንም አይርሱ። ሁለተኛውን ገመድ በሌላው ግድግዳ በኩል ያሳልፉት፤ አንድ ላይ የታሰሩ ገመዶች አንድ ላይ ይቆረጣሉ።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ድምፅ የሚቀዳው ላፕቶፓችን ግን አንድ ፖርት ብቻ ነው ያለው፤ ወዴት ልሰካው?

መልስ፦ ከሰበታ
ወደ ፕራይመሪው ይሰኩት። ፕራይመሪው ከወደቀ ቅጂው ይቆማል፤ የአዳራሹ ድምፅ ግን ይቀጥላል። ሥራውን ሲጨርሱ ከእሑድ በፊት ሙዚቃ ከመድረኩ እያጫወቱ ፕራይመሪውን ስዊች ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ ጆሮዎ ምንም ለውጥ ካልሰማ መልሰው ሰክተው በሰከንደሪው ይድገሙት።