ልጄ ሥነ ጽሑፍ ልማር አለች፤ ምን ልበላት?

ባለ ሚኒባሱ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ ፍሬሽማን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው። ውጤቷ ጥሩ ነው፣ አካውንቲንግ ይደርሳታል። እሷ ግን ሥነ ጽሑፍ ትላለች። ጋዜጠኛ መሆን ነው የምትፈልገው፤ ዜና አንባቢ ሳይሆን ረጅም ታሪክ ጸሐፊ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሚኒባስ ነድቼ ነው ያሳደግኳት። ልከለክላት አልፈልግም። ግን ሰው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ሲያይ በሚውልበት ዘመን ያን ሁሉ ገጽ ማን ያነባል?

ቁጥር ይሻላል፦
በእኔ ይሁንብዎ፣ አካውንቲንግ ታጥና። መጽሐፍ በትርፍ ሰዓትም ይነበባል። ጳውሎስ ኞኞ ትምህርት ቤት የገባው እስከ 4ኛ ክፍል ነው። ጋዜጠኝነቱን ማን አስተማረው?

የቀድሞ ሪፖርተር፦
ጋሼ፣ እኔ ታሪክ ተምሬ ዘጠኝ ዓመት ጋዜጣ ላይ ሠርቻለሁ። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ አልደብቅዎትም። ማን ያነባል ላሉት ግን አንድ ነገር ልንገርዎ።

እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ኸርሲ የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ፣ አሜሪካ ከዓመት በፊት አቶሚክ ቦምብ ወደ ጣለችባት የጃፓን ከተማ፣ ወደ ሂሮሺማ ሄደ። ስለ ቦምቡ ጉልበትና ስለ ፈረሰው ከተማ ብዙ ተጽፎ ነበር። እሱ ከቦምቡ የተረፉ ስድስት ሰዎች መርጦ ቦምቡ የወደቀበትን ቀን እንዴት እንደዋሉ ጠየቃቸው። አንዷ ልብስ ሰፊ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ናት። ልጆቿን ከፍርስራሽ ውስጥ ጎትታ አወጣች። ከዚያ የስፌት መኪናዋን ደጇ ላይ ካለው የሲሚንቶ ገንዳ ውሃ ውስጥ ከተተችው። እንጀራዋ ነዋ! በኋላ ስታወጣው ዝጎ፣ ከጥቅም ውጭ ሆኖ አገኘችው።

ጽሑፉ 30 ሺህ ቃል ገደማ ነው። ኒውዮርከር መጽሔት መጀመሪያ በአራት እትም ሊከፋፍለው አስቦ ነበር። ኋላ ግን የኦገስት 31 እትሙን ሙሉውን ሰጠው። በሬዲዮም ተነበበ። እኔ ቁጥሮቹ ይጠፉብኛል። ያቺ የስፌት መኪና ግን ከዓይኔ አትጠፋም።

እንዲህ ያለውን ለማየት ዓይን መሠልጠን አለበት። ሁለተኛ ዓመት ሳለን አንድ መምህር ለቅሶ ቤት ላከን። ሦስት ሰዓት ተቀመጡ፣ ማንንም ሳትጠይቁ ያያችሁትን ጻፉ አለን። ንፍሮውን ማን ያዞራል? ማን ከማን አጠገብ አይቀመጥም? ከዚያ ወዲህ አስተያየቴ ተለወጠ። ስለ ነዳጅ ሰልፍ ጻፍ ስባል ስንት መኪና እንደቆመ ቆጥሬ አልተመለስኩም። ከአንድ የሚኒባስ ረዳት ጋር ሰልፉ ላይ አደርኩ። ጫማውን አውልቆ፣ ከራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው። ገና ዕዳውን ያልጨረሰበት ጫማ ነበር። ታሪኩን ከጫማው ጀመርኩ። ቦቴው ከጅቡቲ እስከ ማደያው ለምን እንደሚዘገይ ለማስረዳት ግን ጂኦግራፊም ኢኮኖሚክስም አስፈልጎኛል።

ስለ ጳውሎስ የተባለው እውነት ነው። ግን አዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚለውን አምዱን አስቡት። አንባቢ ያልጠየቀው ነገር አልነበረም። መልሱን የሚያገኘው መጽሐፍ አገላብጦ ነው። ያ ሰው ዩኒቨርሲቲውን ለብቻው ተምሯል። እንደ እኔ ላለው ግን መምህር የግድ ነው።

መሐንዲሷ፦
እኔ በ70/30 ምደባ፣ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመደብ፣ ኢንጂነሪንግ የገባሁ ነኝ። አንድ ገጠር ቦኖ ሠርተን ማንም ሳይቀዳበት ከረመ። ቧንቧውን ሦስት ጊዜ ፈተሽነው፣ ምንም የለበትም። ምክንያቱን ያገኘችው ከሴቶቹ ጋር ቡና የጠጣች አንዲት የሶሺዮሎጂ ምሩቅ ናት። መንገዱ በመቃብር ቦታ ያልፋል፤ ሴቶቹ በጨለማ አይደፍሩትም። ጋሼ፣ ልጅዎን ይልቀቋት።

ባለ ሚኒባሱ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ለልጄ አነበብኩላት። የስፌት መኪናዋ ጋ ስደርስ እናቷ ሥራዋን ትታ መጥታ ቆመች። ነገ 11 ሰዓት ተነስታ ከእኔ ጋር ተራ ልትውል ነው፤ ደብተርም ገዝታለች። ሪፖርተሩ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ምን ላይ ዓይኗን ትጣል?