በሰላም ጊዜ የባሕር ኃይል ለዲፕሎማሲ ምን ይሠራል?

ጠያቂ፦ የታሪክ ተማሪ
ስለ ባሕር ኃይል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በውጊያ ላይ ያተኩራል። ይሁን እንጂ የጦር መርከቦች ብዙውን ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት ያለ ውጊያ ነው። አንድ መርከብ በባዕድ ወደብ ለጥቂት ቀናት መልሕቁን ጥሎ መሄዱ የአገሮችን ግንኙነት በእርግጥ ይለውጣልን? በታሪክ የተደገፈ መልስ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ቦስፎር
ጉዳዩን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የሚዙሪ ጉዞ ይመስለኛል። በዋሽንግተን የቱርክ አምባሳደር የነበሩት ሙኒር ኤርተጉን እ.ኤ.አ. በ1944 ዐረፉ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ አሜሪካ አስከሬናቸውን የላከችው ጃፓን እጅ መስጠቷን በፈረመችበት በዚያው ሚዙሪ በተባለው የጦር መርከብ ሲሆን፣ መርከቡ ኢስታንቡል የደረሰው ኤፕሪል 5 ቀን 1946 ነበር። በወቅቱ ሶቪየት ኅብረት በቱርክ የባሕር ሰርጦች ላይ የጦር ሰፈር እንዲሰጣት አንካራን ታስጨንቅ ነበር። ዋሽንግተን ሟቹን በማክበር ለቱርክ አለኝታነቷን፣ ለሞስኮም ማስጠንቀቂያዋን አንድም የዛቻ ቃል ሳትናገር አስተላለፈች። እግረኛ ጦር ቢላክ ወረራ በተባለ ነበር፤ መርከብ ግን በእንግድነት ይገባል፣ ሲወጣም ማንም እንደ ሽሽት አይቆጥርበትም። በ1947 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን የሶቪየትን መስፋፋት ለመግታት ያወጁት መርሕ ለግሪክና ለቱርክ እርዳታ ባያስከትል ኖሮ ግን ጉብኝቱ ትዝታ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር ባይ ነኝ።

መልስ፦ ሐኪም በባሕር
በቦስፎር ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም የሕዝብን ልብ የሚያገኘው እርዳታ ነው። በዲሴምበር 2004 ሱናሚ የኢንዶኔዥያን አቼ ግዛት ባወደመ ጊዜ መንገዶች ስለተቆረጡ፣ አብርሃም ሊንከን ከተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የተነሡ ሄሊኮፕተሮች ምግብና ውኃ ለመንደሮቹ አደረሱ። የፒው የጥናት ማዕከል እንደመዘገበው ለአሜሪካ በጎ አመለካከት የነበራቸው ኢንዶኔዥያውያን በ2003 15 በመቶ ሲሆኑ በ2005 38 በመቶ ደረሱ። ከኢራቅ ጦርነት በፊት በ2002 ግን 61 በመቶ ነበሩ፤ መርከብ የፖሊሲን ጉዳት ሙሉ በሙሉ አይጠግንም።

መልስ፦ የምጽዋ ልጅ
አስተናጋጅ አገርም ተጠቃሚ እንደሆነች አይዘንጋ። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ዋና ሰፈሩ ምጽዋ በነበረበት ዘመን ኖርዌያውያን መኮንኖች ሥልጠናውን ይረዱ ነበር፤ «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብም እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ ተገኘች። በዓመታዊው የባሕር ኃይል በዓል ላይ የምዕራባውያንና የሶቪየት መርከቦች በአንድ ወደብ ሲሰለፉ፣ አነስተኛ ባሕር ኃይል የነበራት አገር ተፎካካሪዎቹን በእኩል ማስተናገድ እንደምትችል ታሳይ ነበር። ከሁሉ የሚዘልቀው ግን ሥልጠናው ይመስለኛል፤ መኮንኑ የተማረበትን አሠራርና ያፈራውን ወዳጅነት እስከ ጡረታው ይዞ ይኖራልና።