ከኢስታንቡል ወደ ድሬ የጋዝ ምድጃ መጫን ያዋጣል?

ሳቢያን፦
ጤና ይስጥልኝ የድሬ ልጆች። ጠቅልሎ የሚገባ ሰው ምድጃውን ኮንቴይነር ውስጥ ቢከት ያዋጣዋል? የሶማሌ ክልሉ የካሉብ ጋዝ በቧንቧ ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ ለከተማውም ይደርሳል ይባላል።

ከዚራ፦
አቦ፣ ባቡሩ በሰፈርህ ስላለፈ ጣቢያ አለህ ማለት አይደለም። ቱርክን ውሰዱ። ከአዘርባጃን የሚመጣውን ጋዝ የሚያሻግረው ታናፕ የተባለው ቧንቧ ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዓመት ከሚሸከመው 16 ቢሊዮን ሜትር ኩብ 10ሩ ወደ አውሮፓ ያልፋል። 6ቱ ቱርክ የሚቀረው በውል ስለተገዛ ነው። ደግሞ ዋናው ቧንቧ ላይ ግፊቱ 95 ባር ገደማ ሲሆን ምድጃው ጋ 21 ሚሊ ባር ብቻ ነው። በመሃል ግፊት መቀነሻ ጣቢያ፣ ሽታ መጨመሪያ (ጋዙ በራሱ አይሸትም) እና በየመንገዱ የተቀበረ የፕላስቲክ ቧንቧ ያስፈልጋል። ውዱ ሥራ እሱ ነው።

ወደ ጅቡቲ የታሰበው 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ የኤክስፖርት ነው። መስከረም 2018 ካሉብ ላይ የተመረቀው ፋብሪካ ደግሞ ጋዙን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ አቀዝቅዞ ፈሳሽ ያደርገዋል። በልዩ ቦቴ ይጫናል እንጂ የቤት ሲሊንደር ውስጥ አይገባም።

ለገሃሬ፦
ምድጃውን ጫኑት፣ ግን እንዳለ ሲሊንደር ላይ አትሰኩት። የሲሊንደር ጋዝ ቡቴንና ፕሮፔን ነው፤ በመጠን ሲነጻጸር ሙቀቱ ከተፈጥሮ ጋዝ (ከቧንቧው) ከእጥፍ በላይ ነው። ኖዝሉ (ጋዝ የሚረጨው ቀዳዳ) ካልተቀየረ ነበልባሉ ረዝሞ ቢጫ ይሆናል፣ ድስት ያጠቁራል፣ ቤቱ ዝግ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።

እሳት የሚወጣበትን የምድጃ ራስ ክዳን አንሱና ኖዝሉን በ7 ቁጥር ቱቦ ቁልፍ ፍቱ። መካከለኛው ራስ ለቧንቧ ጋዝ 0.97 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለሲሊንደር 0.65 ነው፤ ቁጥሩ ኖዝሉ ላይ ተቀርጿል። ከዚያ ማዞሪያውን ነቅላችሁ የትንሽ እሳት ብሎኗን እስከ መጨረሻ አጥብቁ። ብዙ ሰው ይቺን ይረሳና እሳቱ አልቀንስ ይለዋል። ሪጉሌተሩ (ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመው ግፊት መቀነሻ) ምድጃው ላይ ከተጻፈው ግፊት ጋር ይግጠም፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሚሊ ባር ነው። መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፣ በክብሪት እንዳትሞክሩ!

ጋዝ ሲያፈስ የሚጮህ ጠቋሚ ካላችሁ ኢስታንቡል ጣሪያ ሥር የነበረውን ድሬ ላይ እዚያው አትስቀሉት። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል። ለሱ የተሠራውን ገዝታችሁ ከወለል 30 ሳንቲ ሜትር ላይ አድርጉ።

የቤት ማሞቂያውን ግን ተዉት። ድሬ ላይ ማን ሊሞቀው!

ሳቢያን፦
ኖዝሎቹ ከምድጃው ጋር ይመጣሉ?

ለገሃሬ፦
ብዙ ጊዜ ከመመሪያው ጋር በትንሽ ላስቲክ ይታሸጋሉ። ከጠፉ በሞዴል ቁጥሩ እዚያው ሳላችሁ ግዙ።