የአባቴ ካሴቶችና ሲዲዎች በአንድ የቤት ሰርቨር፦ ከየት ልጀምር?

የሳሎን አድማጭ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ያጠራቀማቸው ወደ 140 ካሴቶችና ወደ 90 ሲዲዎች አሉን። የድሮው አምፕሊፋየሩና ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮቹም እስካሁን ይሠራሉ። ሐሳቤ ሁሉንም አንድ ቦታ አስገብቼ፣ አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ከስልኩ እየመረጠ በለመደው ስፒከር እንዲያዳምጥ ነው። የድምፁ ጥራት እንዲወርድ አልፈልግም፤ አባቴ ጆሮው ልዩነቱን ይለያል። ሱቅ ስጠይቅ «የብሉቱዝ መቀበያ ግዢና ጨርሺ» አሉኝ። 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። አዲስ ኮምፒውተር ያስፈልገኛል? ምን ፕሮግራም ልጫን? ሰፈራችን መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ እሱም አሳስቦኛል።

ራዲዮ ጠጋኝ፦
እህቴ፣ ላፕቶፑ ይበቃሻል። ሙዚቃ ማጫወት ለኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው፤ ባትሪ ስላለውም መብራት ሲሄድ ድንገት አይዘጋም። ባትሪው አለማበጡን ብቻ እይ።

ገንዘብሽን ለዳክ አውጪ። ዳክ ዲጂታሉን አምፕሊፋየር ወደሚቀበለው ድምፅ የሚቀይር ዕቃ ነው። ላፕቶፑ ውስጥም አለ፤ ግን ከሌላው ሰርኪዩት ጋር ተጠጋግቶ ስለሚሠራ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በኩል ብዙ ጊዜ ጩኸት ይቀላቀልበታል። በዩኤስቢ የሚሰካውን ግዢና በቀይና ነጩ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኚው። ገመዱ «ኦክስ» ወይም «ሲዲ» የሚለው ላይ ይግባ። «ፎኖ» የሚለው ላይ እንዳትሰኪ! እሱ የሸክላ ማጫወቻን ደካማ ሲግናል ለማጉላት የተሠራ ነው፤ ባሱን ያበዛዋል፣ ድምፁም ይበላሻል። ብሉቱዝ ለኩሽና ይሆናል። ድምፁን ጨምቆ ስለሚልክ አንቺ ለጠየቅሽው ግን አይሆንም።

ሊኑክስ ወዳድ፦
ሰርቨርና ማጫወቻ ሁለት ነገር መሆናቸውን ካወቅሽ ሌላው ይቀልሻል። ሰርቨሩ ዘፈኖቹን ይዞ ይዘረዝራል፤ ማጫወቻው ወደ ዳኩ ይልካል። በአንቺ ቤት ሁለቱም ላፕቶፑ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ በዊንዶውስ ፋንታ ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ያለ ዴስክቶፕ (በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የሚሠራውን) ጭኜ፣ በላዩ ሊሪዮን ሚውዚክ ሰርቨርን (ቀድሞ ሎጂቴክ ሚዲያ ሰርቨር ይባል የነበረውን) ለሰርቨርነት፣ ስኩዊዝላይትን ለማጫወቻነት እጠቀማለሁ። አባትሽ በስልኩ ብሮውዘር የላፕቶፑን አድራሻና ፖርት 9000 ከፍቶ ይመርጣል። ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የቤቱ ዋይፋይ ይበቃል። የላፕቶፑ ክዳን ሲዘጋ እንዳይተኛ ማስተካከልን አትርሺ።

ስኩዊዝላይት ላይ የድምፅ መውጫ ስትመርጪ በ«ኤችደብልዩ» የሚጀምረውን ምረጪ። ያኔ የሲዲው 44.1 ኪሎኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ የሚያሳየው ቁጥር) መንገድ ላይ ወደ 48 ሳይቀየር እንዳለ ዳኩ ጋ ይደርሳል።

ዊንዶውስን ከማጥፋትሽ በፊት ግን ሲዲዎቹን ገልብጪ። «ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ» በዊንዶውስ ይሠራል፤ የተጫረ ሲዲ እየደጋገመ ያነባል። ፎርማቱ ፍላክ ይሁን። መጠኑን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል፣ ከድምፁ ግን ምንም አይቀነስም። 90 ሲዲ ከ40 ጊጋባይት ብዙም አያልፍም፤ ካሴቶቹን ጨምሮ 500 ጊጋባይት ዲስክ ይተርፍሻል። ሁለት ዲስክ ግዢ፤ ሁለተኛው ቅጂ ይዞ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። እኔ አንዱ ብቻ ነበረኝ። መብራት ደጋግሞ ሄዶ ሲመጣ ተበላሸና የሦስት ዓመት ሥራዬ ጠፋ።

ባለካሴቱ፦
ልጄ፣ ያንቺ ዋና ሥራ ካሴቱ ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የራሴን ስገለብጥ የመጀመሪያዎቹን 30 ደግሜ ሠርቻቸዋለሁ፤ የካሴት ማጫወቻውን ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) ሳላጸዳ ስለጀመርኩ። ካሴት ላይ ያልተነበበውን ድምፅ ምንም ሰርቨር፣ ምንም ዳክ አይመልሰውም።

መጀመሪያ ካሴቱ አናት ላይ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሪ፤ በስህተት እንዳይቀዳበት። ቀጥሎ እስከ መጨረሻው ወደፊት አጠንጥነሽ መልሺው፤ ለዓመታት የተቀመጠ ክር እርስ በርሱ ተጣብቆ ይሆናል። ሄዱንና የጎማውን ሮለር በየጥቂት ካሴቱ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጊ። ከሄዱ አጠገብ ትንሽ ብሎን አለች። ድምፁን ሞኖ አድርገሽ እያዳመጥሽ ቀስ ብለሽ አዙሪያት፤ ጸናጽሉና የዘፋኙ «ሰ» ጥርት ብለው የሚሰሙበት ቦታ ላይ ተይ። ካሴት ከካሴት በሚገለበጥበት ዘመን የተቀዳ ሁሉ ሄዱ የተለያየ ስለሆነ፣ ይህን ለእያንዳንዱ ካሴት አድርጊ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው።

ከካሴት ማጫወቻው «ላይን አውት» ወደ ዩኤስቢ መቅጃ አስገቢ፤ የላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ አይሆንም። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ቅጂ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። 192 ኪሎኸርዝ የሚቀዳ ግዢ የሚሉሽን አትስሚ፤ ካሴት ያን ያህል የሚይዘው የለም። ሹሹታውን ማጥፋት ብትፈልጊ ቅጂው ላይ ሞክሪ፤ ዋናው ሳይነካ ይቀመጥ። ባለ 60 ደቂቃ ቢሆኑ እንኳ 140 ሰዓት ነው፤ በየማታው አንድ ብትይ አምስት ወር ይጠጋል።

ሁሉንም መገልበጥ ግን የለብሽም። የአዲስ አበባው ሸክላ አሳታሚ አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እስከ 1975 (በፈረንጅ) ካሳተማቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ፣ ከ1997 ጀምሮ በፓሪሱ ቡዳ ሚውዚክ በወጡት የኢትዮፒክስ ሲዲዎች ላይ አሉ። ዘፈኑ እዚያ ካለ ሲዲውን ያዢ።

የሳሎን አድማጭ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሲዲዎቹ አለቁ፣ ሰርቨሩም ይሠራል። ሁለት ችግር ቀረኝ። ጥላሁን ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይታያል፤ አባቴ ሲፈልገው ግማሹን አያገኝም። ዝርዝሩም አንዳንዱን ዘፋኝ በአባቱ ስም ያሰልፈዋል።

ሊኑክስ ወዳድ፦
አንዱ ላይ «ገሠሠ»፣ ሌላው ላይ «ገሰሰ» ብለሽ ጽፈሻል ማለት ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ፊደል፣ ሁለት ሰው ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ እንዲሁም ጸና ፀ ላይም ይኸው ያጋጥምሻል። ኤምፒ3ታግ በሚባለው የዘፈን መረጃ ማስተካከያ ፕሮግራም ሁሉንም በአንድ ጊዜ መርጠሽ አንድ አጻጻፍ ስጪያቸው። የውጭ ዳታቤዞች የአባትን ስም ቤተሰብ ስም አድርገው «ገሠሠ፣ ጥላሁን» ብለው ይመዘግባሉ፤ «አርቲስት ሶርት» የሚለው ቦታ ላይ «ጥላሁን ገሠሠ» ብለሽ አስተካክዪው። ዓመቱንም የእኛን ወይም የፈረንጁን አንዱን ያዢ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ቅደም ተከተሉ ይፋለሳል።

የሳሎን አድማጭ፦
ተስተካከለ፣ ጥላሁን አንድ ቦታ ተሰበሰበ። ትናንት ማታ የመጀመሪያውን ካሴት ጀመርኩ። ብሎኗን አባቴ ራሱ አዞራት፤ እኔ ገና ልዩነቱን ሳልሰማ እሱ «እዚህ ጋ ተይው» አለኝ። ዛሬ ቢ ሳይዱን እንቀዳለን።