ስብሰባ ላይ ዝም ያለው ሰው በር ላይ ያወራል፤ እንዴት ልምራው?

የአቶቴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ፣ አቶቴ ነው የምኖረው። የሰፈራችን ቁጠባና ብድር ማኅበር ሰብሳቢ አድርጎ መርጦኛል። ሒሳቡ አያስቸግረኝም፤ ስብሰባ መምራቱ ነው የከበደኝ። እሁድ ከሰዓት ነው የምንሰበሰበው። ሁለት ሰዎች ንግግሩን ይዘውት ይሄዳሉ። አንደኛው ትልቅ ሰው ስለሆኑ ማቋረጥ ነውር ነው። ከኋላ የሚቀመጡት ሴቶች አብዛኞቹ ጉልት የሚውሉ ናቸው፤ ትንፍሽ አይሉም። ባለፈው የብድር መመለሻ ጊዜ ከአንድ ዓመት ወደ ስድስት ወር ዝቅ ይበል የሚል አጀንዳ ነበር። «ተስማማን?» ተባለ፣ ዝም ተባለ፣ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ። ስንወጣ ግን ሴቶቹ በር ላይ ቆመው «በስድስት ወር ከየት አምጥተን?» ይባባላሉ። ይህን ውስጥ ሆነው እንዲሉት ምን ላድርግ?

ባለ ባጃጅ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ሰዓት አክብሪ። ያረፈደ ካለ ያርፍድ፣ አንቺ ጀምሪ። በሰዓቱ የመጣውን ሰው የምታስጠብቂው ከሆነ በሚቀጥለው እሱም ያረፍዳል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ እኔ ዕድርም የወላጅ ኮሚቴም ስመራ ኖሬያለሁ። «አስተያየት ያለው?» ብሎ መጠየቅ የለመደውን ሰው ብቻ ነው የሚያናግረው።

በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዴልቤክ እና ቫን ደ ቨን የሚባሉ ምሁራን ያስተዋወቁት ዘዴ አለ። ሁሉም በዝምታ ሐሳቡን ይጽፋል። ከዚያ በተራ አንድ አንድ ሐሳብ ይነገራል፤ ሰሌዳ ላይ ይሰፍራል። እስኪያልቅ ክርክር የለም። ቀጥሎ ግልጽ ያልሆነው ይብራራል፣ በመጨረሻ እያንዳንዱ ለብቻው ይመርጣል። እኛ ሰፈር መጻፍ የማይችልም አለ። ስለዚህ እኔ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ለጥቂት ደቂቃ እንዲያወራ አደርጋለሁ። «እኔ እንደዚህ አስባለሁ» ማለት የምትፈራ ሴት «ከእሷ ጋር እንዲህ ተባባልን» ለማለት አትፈራም። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

አጀንዳውንም በጥያቄ አቅርቢው። «የመመለሻ ጊዜን ስለማሻሻል» ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስላል። «በስድስት ወር መመለስ የሚከብደው ማን ነው?» ስትዪ ግን ባለጉዳዩ ራሱ ይነሳል።

አንቺ ደግሞ ሐሳብ ካለሽ ለዚያ አጀንዳ መድረኩን ለምክትልሽ ልቀቂ። ስብሰባውን የሚመራው ሰው ወገን ከያዘ ሌላው ዝም ይላል። ትልቁን ሰውዬ ስብሰባው ላይ አታቋርጫቸው፤ ቀድመሽ ቤታቸው ሂጂና «ጋሼ፣ እርስዎ በመጨረሻ ያጠቃልሉልን» በያቸው።

የጉልቷ ልጅ፦
መምህር፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ የመጨረሻው ላይ ግን አልስማማም። እናቴ ጉልት ነው ያሳደገችን፤ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ አብሬያት ተቀምጫለሁ። ትልቅ ሰው ካጠቃለሉ በኋላ ማን እጁን ያወጣል? የተባለው ሁሉ በእሳቸው ቃል ይዘጋል። ድምፅ ይሰጥ፣ ከዚያ ጋሼ ይመርቁ። ክብራቸውም አይጓደልም። ድምፁም በእጅ አይሁን። አበዳሪና ተበዳሪ እየተያየ እንዴት እጅ ያወጣል? በቆሎና ባቄላ አዘጋጂ፤ ለእሺታ በቆሎ፣ ለእምቢታ ባቄላ፣ በጨርቅ በተሸፈነ ማሰሮ ውስጥ ይጣል። የኋላ ወንበርም አይኑር፣ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልክ ነሽ ልጄ። ምርቃቱ ይሻላል።

የአቶቴዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክቡንም ባቄላውንም እሞክራለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ የተፈረመውን የስድስት ወር ውሳኔ እንደገና ማንሳት ይቻላል?

ጡረተኛው መምህር፦
ይቻላል። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ጉባኤው የወሰነውን ጉባኤው ያሻሽለዋል። መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ስብሰባ የሚጠራበትን ሥርዓትና ምልዓተ ጉባኤውን እዪ፤ አጀንዳውን አስቀድመሽ ለጥፊ። ውሳኔው ሲያልቅ ከመፈረሙ በፊት ጸሐፊው ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ፣ ቀድመው የተበደሩትን ይነካ እንደሆነም ይጻፍ። በር ላይ የሚያጨቃጭቀው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።